እውነት ወይስ ተረት? ዛፍ ካለ አፈሩ ድኗል?

ጁባ ውስጥ፣ ኮር ዊሊያም ሰፈር ላይ ዝናብ በድንገት ሲወርድ መንገደኛው የሚሮጠው ወደ ማንጎ ሥር ነው። መጀመሪያ ላይ ደግ ያደረገ ይመስላል፤ ዙሪያው ሲጨቀይ ከቅጠሉ በታች ያለው መሬት ገና ደረቅ ነው። ጥቂት ቆይቶ ግን ከላይ የሚወርደው ጠብታ ሜዳው ላይ ከሚወርደው ይገዝፋል፤ በአንገትጌ ገብቶ ጀርባ ላይ ይንቆረቆራል። ዝናቡ አባርቶ ሰዉ ወደየጉዳዩ ሲሄድም ማንጎው ሥር መዝነቡ አያቆምም።

ከደመና የወጣ ውሃ አፈር እስኪነካ ድረስ በመንገዱ ላይ የሚያገኘው ነገር ሁሉ ይለውጠዋል። ቅጠል ይይዘዋል፤ ሲሞላ ደግሞ አጠራቅሞና አግዝፎ ይለቀዋል። ግንድ ወደ ሥር ይመራዋል። መሬት ላይ የተነጠፈ ገለባና የረገፈ ቅጠል ጉልበቱን ይሰብረዋል። አፈሩ ይታጠባል ወይስ ይጠግባል የሚለው ጥያቄ በአብዛኛው የሚወሰነው በዚህ አጭር ጉዞ ነው።

ጁባ በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። አብዛኛው የሚወርደው ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ነው፤ ሲወርድም ብዙ ጊዜ በነጎድጓድ ታጅቦ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ዶፍ ሆኖ ነው። «ኮር» የሚባሉት፣ በበጋ ደረቅ የሚሆኑት የከተማዋ የጎርፍ መውረጃዎች ያን ጊዜ ደፍርሰው ወደ ነጭ አባይ ይጋልባሉ። እዚያ ሆቴል፣ ምግብ ቤትና ሱቅ ከፍተን የምንኖር ኢትዮጵያውያን ቡና ላይ ስለ ዝናብና ጎርፍ ስናወራ፣ ከአገር ቤት ይዘናቸው የመጣናቸው አባባሎች አብረው ይነሣሉ። አንዳንዱ እውነት ነው፤ አንዳንዱ ግማሹ ብቻ፤ አንዳንዱ ደግሞ ተረት ነው። አንድ በአንድ እንያቸው።

1. «አፈር የሚያጥበው ጎርፍ ነው፤ ጠብታ ምን አቅም አለው?»

ፍርድ፦ ተረት።

ጠዋት ጠዋት የሚጠረግ የጁባ ግቢ ውስጥ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ ጎንበስ ብሎ መሬቱን ማየት ነው። የጠርሙስ ቆርኪ ወይም ጠጠር ወድቆበት የነበረ ቦታ ካለ፣ ቆርኪው በጣት ውፍረት ከፍ ባለች የአፈር ምሰሶ ላይ ተቀምጦ ይገኛል። ቆርኪው ከፍ አላለም፤ ዙሪያው ነው ዝቅ ያለው። ጎርፍ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ምሰሶዋንም በጎን በልቶ ይጥላት ነበር። እሷ የተረፈችው ከላይ የሚመታት ስላልነበረ ነው። በኖራ የተቀባውን ግድግዳም ማየት ይቻላል፤ ከመሬት እስከ ጉልበት የሚደርሰው ቀይ ፍንጥቅጣቂ ጎርፍ ወጥቶበት የተሳለ አይደለም፤ የጠብታ ሥራ ነው።

ቁጥሩም ይህንኑ ይናገራል። 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ሄክታር ላይ 200 ሺህ ሊትር፣ በክብደት ሲታሰብ 200 ቶን ውሃ ነው። 1 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ጠብታ በሰከንድ 4 ሜትር ያህል እየፈጠነች መሬት ትደርሳለች። የዶፍ ዝናብ 5 ሚሊ ሜትር ጠብታ ግን በሰከንድ 9 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ትፈጥናለች። ስፋቷ አምስት እጥፍ ሲሆን ክብደቷ 125 እጥፍ ነው። ባዶ አፈር ላይ ስታርፍ ደቃቁን አፈር ከግማሽ ሜትር በላይ ወደ ላይ፣ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ወደ ጎን ታስፈነጥራለች። ተዳፋት ላይ ደግሞ ወደ ታች የሚፈናጠረው ወደ ላይ ከሚፈናጠረው ስለሚርቅ አፈሩ ጎርፍ ሳይመጣም ቁልቁል ይሰደዳል።

ይህን በመለካት ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የሠራው ጀርመናዊው ኤቫልድ ቮልኒ ነው፤ የዕፅዋት ሽፋን ጠብታን እንዴት እንደሚያበርድ በትንንሽ መደቦች ላይ መረመረ። በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊው ኤሊሰን የጠብታ ምት ራሱን የቻለ የአፈር መሸርሸር ምክንያት መሆኑን በሰፊው አሳየ። ከሁሉ ይበልጥ ክርክሩን የዘጋው ግን በዛሬዋ ዚምባብዌ፣ በሄንደርሰን የምርምር ጣቢያ ኖርማን ሃድሰን በ1950ዎቹ የጀመረው ሙከራ ነው። ጎን ለጎን ሁለት ባዶ መደቦች አዘጋጀ፤ ሁለቱም ላይ አንድ ሣር እንዳይበቅል አደረገ። በአንዱ ላይ ብቻ ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርጎ ትንኝ የሚከለክል ስስ መረብ ዘረጋ። መረቡ ዝናቡን አልከለከለም፤ ውሃው ሁሉ አልፎ ይወርዳል። የሰበረው የጠብታውን ጉልበት ብቻ ነው። ዓመታት ቆይተው ሲመዘን ከተገለጠው መደብ የታጠበው አፈር መረብ ከተዘረጋበት ከ100 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ያው ዝናብ፣ ያው ተዳፋት፣ ያው አፈር፤ ልዩነቱ አጎበር የመሰለ ስስ መረብ ብቻ ነበር።

ጠብታ ሌላም ጥፋት አለው። የሰበረው ደቃቅ አፈር የመሬቱን ቀዳዳዎች ይደፍናል፤ ሲደርቅም ቅርፊት ይሠራል። ቀጣዩ ዝናብ ሲመጣ ውሃው መግቢያ ያጣና ይሮጣል። ስለዚህ ጎርፉ ራሱ በከፊል የጠብታ ልጅ ነው።

2. «ቅጠል የያዘው ዝናብ ይዘገያል እንጂ አይጠፋም»

ፍርድ፦ ግማሽ ተረት።

ቅጠል ላይ ያረፈ ዝናብ ሦስት ዕጣ አለው። አንዱ በቅጠሎች መካከል ሾልኮ ወይም ከቅጠል ጫፍ ተንጠባጥቦ ይወርዳል። አንዱ ቅርንጫፍና ግንድ ተከትሎ ሥሩ ላይ ያርፋል። ሦስተኛው ቅጠሉ ላይ እንዳለ ተንኖ ወደ አየር ይመለሳል። ይህኛው አፈር ሳይነካ ይቀራል፤ ለአፈሩ ጠፍቷል።

አንድ ዛፍ በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው ውሃ ውሱን ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚያህል ነው። ስለዚህ 2 ሚሊ ሜትር ካፊያ ጥቅጥቅ ባለ ማንጎ ላይ ሲወርድ መሬት የሚደርሰው ጥቂት ነው። 50 ሚሊ ሜትር ዶፍ ሲወርድ ግን ዛፉ ከያዘው በኋላ የቀረውን ሁሉ ይለቃል። ካፊያና ዶፍ በዓመት ሲደመሩ፣ በሞቃታማ አገሮች ደኖች ላይ የተደረጉ ልኬቶች ከዓመቱ ዝናብ ከአስር እጅ አንዱ እስከ ሁለቱ እጅ ቅጠል ላይ ተንኖ እንደሚቀር ያሳያሉ። ጥቅጥቅ ባሉ የጥድ ዓይነት ዛፎች ላይ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል።

ይህን ለማየት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። አፋቸው እኩል የሆነ የቲማቲም ቆርቆሮዎችን አንዱን ሜዳ ላይ፣ አራት አምስቱን በዛፉ ሥር በተለያየ ቦታ ማስቀመጥና ዝናቡ ሲያባራ በማስመሪያ መለካት ይበቃል። ዛፉ ሥር አንድ ብቻ ማስቀመጥ ያሳስታል። ቅርንጫፎች ውሃን አሰባስበው የሚያንጠባጥቡበት ነጥብ ሥር የተቀመጠው ቆርቆሮ ሜዳ ላይ ካለው በላይ ሊሞላ ይችላል፤ አንድ ክንድ ራቅ ብሎ ያለው ደግሞ ግማሽ ላይደርስ ይችላል።

ግንድ ተከትሎ የሚወርደው በትልልቅ ዛፎች ዘንድ ትንሽ ነው። ቅጠላቸው እንደ አሸንዳ ወደ መሐል በሚያዘቀዝቅ ተክሎች ግን ነገሩ ይለያል። በቆሎ ሙሉ ቅጠል ሲያወጣ ካረፈበት ዝናብ ከሩብ በላዩን በአገዳው አድርጎ ወደ ሥሩ የላከባቸው ልኬቶች አሉ። የእንሰትም ቅጠል ውሃ ወደ ግንዱ ለመላክ የተመቸ ነው። በዚህ መንገድ የሚወርድ ውሃ መሬት የሚደርሰው እየተንሸራተተ ስለሆነ አፈር አያስፈነጥርም።

3. «ዛፍ ካለ አፈሩ ድኗል»

ፍርድ፦ ተረት። የዚህ ሁሉ ክርክር እምብርትም ይህ ነው።

ከቅጠል ጫፍ የሚንጠባጠብ ውሃ ተጠራቅሞ ስለሚወድቅ ጠብታው ብዙ ጊዜ ከዝናቡ ጠብታ ይገዝፋል። ከዚያ በኋላ ወሳኙ የሚወድቅበት ከፍታ ነው። 5 ሚሊ ሜትር ጠብታ ከ8 ሜትር ከፍታ ከወደቀ ከደመና የወረደ ያህል ሊፈጥን ትንሽ ይቀረዋል። ከግማሽ ሜትር ከፍታ ከወደቀ ግን በሰከንድ ከ3 ሜትር አይበልጥም። ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ ስለሚሰላ የጠብታው ምት ወደ አንድ ዘጠነኛ ይወርዳል። በአጭሩ ረጅም ዛፍ፣ ሥሩ ባዶ ከሆነ፣ ካፊያውን ወደ ዶፍ ጠብታ የሚለውጥ ሊሆን ይችላል። እስከ ጉልበት የሚደርስ ሣር ግን ያንኑ ውሃ አብርዶ ያወርደዋል።

ለዚህ ደቡብ ሱዳን ራሷ ጥሩ ምሳሌ አላት። ከጁባ ወደ ዬይ በሚወስደው መንገድ፣ ሎካ አካባቢ፣ በእንግሊዞች ዘመን የተተከለ የቲክ ደን ይገኛል። ቲክ እንጨቱ ውድ ነው፤ ቅጠሉም ሰፊ ነው። በዓለም ዙሪያ ቲክ የሚያለሙ ሰዎች የሚያውቁት ችግር ግን አለ፤ ሰፊው ቅጠል ውሃ አጠራቅሞ ትልልቅ ጠብታ ይጥላል። በበጋ ቅጠሉ ይረግፋል፤ የረገፈው ደርቆ በእሳት ከተቃጠለ የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ላይ ቅጠል፣ ታች ምንጣፍ የለም። ከላይ ሲያዩት ደን የሆነ ቦታ ሥሩ ቦረቦር የሚሆነው እንዲህ ነው። እሳት ያልገባበት፣ የረገፈው ቅጠል እንደተነጠፈ የቀረው የቲክ ተክል ግን አፈሩን ይጠብቃል። ዛፉ ያው ነው፤ ለውጡን ያመጣው መሬት ላይ የቀረው ነገር ነው።

በየግቢው ያለው ማንጎም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። ሥሩ በየቀኑ በመጥረጊያ የሚጠረግ ማንጎ፣ ከጊዜ ብዛት ሥሩ ተገልጦ መሬት ላይ እንደ ጅማት ሲገተር እናያለን። ሥሩ የወጣው ዛፉ ስላደገ ይመስለናል፤ ብዙውን ጊዜ ግን አፈሩ ነው የሄደው።

4. «ባሕር ዛፍ አፈር ያራቁታል»

ፍርድ፦ ግማሽ እውነት፤ ወንጀለኛው ግን ብቻውን ዛፉ አይደለም።

ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ገደማ ወደ አዲስ አበባ ገብቶ የከተማዋን የማገዶ ችግር አቀለለ። ውሃ በብዛት መምጠጡና ሥሩ ሌላ ነገር እንደልብ አለማብቀሉ የታወቀ ነው። አፈሩ የሚታጠበው ግን በምን ምክንያት ነው?

እንጦጦ ተራራ ላይ መልሱ በግልጽ ይታያል። ለብዙ ዓመታት ከባድ ሸክም አዝለው ከጫካው ወደ ከተማ የሚወርዱ ሴቶች እንጨት ብቻ አልነበረም የሚያመጡት፤ የረገፈውን ቅጠልና ጭራሮ ጭምር ጠርገው ለእንጀራ መጋገሪያ ያቀርቡ ነበር። ችግር ያስገደደው ሥራ ነው፤ ማንም ሊወቅሳቸው አይገባም። ውጤቱ ግን የረጅም ዛፍ ጠብታ በቀጥታ ባዶ አፈር ላይ እንዲያርፍ ማድረግ ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል ቀጭንና የተንጠለጠለ በመሆኑ ውሃ የመያዝ አቅሙም ዝቅተኛ ነው። ቅጠሉና ቅርፊቱ እንደረገፈ የሚተውበት የባሕር ዛፍ ጥሻ ሥር ያለ አፈር ከተጠረገው በእጅጉ ያነሰ ይታጠባል። ስለዚህ «ባሕር ዛፍ አፈር ያራቁታል» ከማለት «የተጠረገ ባሕር ዛፍ አፈር ያራቁታል» ማለት ወደ እውነቱ ይቀርባል።

5. «ማሳ ላይ ገለባ መተው ስንፍና ነው፤ ዝናቡንም ከአፈሩ ይሰርቃል»

ፍርድ፦ የመጀመሪያው ተረት፤ ሁለተኛው ትንሽ እውነት አለበት።

እውነቱን አስቀድመን እንመን። ገለባ ውሃ ይመጥጣል፤ የራሱን ደረቅ ክብደት ሁለት ሦስት እጥፍ ሊይዝ ይችላል። በአንድ ሄክታር ላይ 5 ቶን ገለባ ቢተው በየካሬ ሜትሩ ግማሽ ኪሎ ማለት ነው። ያ ገለባ ከ1 እስከ 1 ተኩል ሊትር ውሃ ይይዛል፤ ከ1 እስከ 1 ተኩል ሚሊ ሜትር ዝናብ መሆኑ ነው። በበጋ መካከል 3 ሚሊ ሜትር ካፊያ ቢወርድ ከዚያ ግማሽ ያህሉ ገለባው ላይ ደርቆ ይቀራል።

በሌላ በኩል ያለው ሒሳብ ግን ይበልጣል። 30 ሚሊ ሜትር ዶፍ ሲወርድ ገለባው የሚያስቀረው ያችኑ 1 ተኩል ሚሊ ሜትር ነው። ባዶ ሆኖ ቅርፊት የሠራ ማሳ በአንጻሩ ከዚያ ዶፍ ብዙውን በጎርፍ ሊያጣ ይችላል። ገለባ የለበሰ አፈር ቀዳዳው ስለማይደፈን ውሃው ይሰርጋል፤ ከሰረገም በኋላ ፀሐይና ነፋስ ቶሎ አያገኙትም። ቀረ የተባለው በትርፍ ይመለሳል።

ሙሉ ሽፋንም አያስፈልግም። ከመሬቱ ሲሶው ብቻ በገለባ ቢሸፈን የሚታጠበው አፈር ከግማሽ በላይ ይቀንሳል። በእርሻ ምርምር ዓለም 30 በመቶ ሽፋን እንደ መለኪያ የተወሰደው ያለ ነገር አይደለም።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፤ በእኛ አገር ገለባ ቆሻሻ ሆኖ አያውቅም። የጤፍ ጭድ የከብት ቀለብ ነው፣ ከጭቃ ጋር ተረግጦ የቤት ምርጊት ነው። የማሽላና የበቆሎ አገዳ ማገዶም አጥርም ነው። ማሳው ታጭዶ ሲያበቃ ከብት ይለቀቅበታል፤ ኩበቱም ተለቅሞ ምድጃ ይገባል። ስለዚህ ገበሬው ገለባውን የሚያነሣው ባለማወቅ አይደለም፤ የሚበላና የሚነድ ስላጣ ነው። «ገለባህን ተው» የሚል ምክር ለከብቱ ሌላ መኖ፣ ለምድጃውም ሌላ ማገዶ አብሮ ካላቀረበ ሰሚ አያገኝም። የሚቻለው መሐል መንገድ ከፍ አድርጎ ማጨድ፣ አገዳውን ከፊል መተውና ልቅ ግጦሽን መቀነስ ነው።

6. «አፈር የሚታጠበው ክረምቱ ሲከር፣ በነሐሴ ነው»

ፍርድ፦ በአብዛኛው ተረት።

ከ1981 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የኢትዮጵያ መንግሥትና የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ባቋቋሙት የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም አማካይነት በተለያዩ የአገሪቱ ክፍሎች መለኪያ ጣቢያዎች ተከፈቱ። ከእነዚህ መካከል ወሎ ውስጥ ደሴ አካባቢ ያለው ማይባር፣ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ያለው አንዲት ጥድና ጎጃም ውስጥ ደምበጫ አጠገብ በ1984 የተከፈተው አንጀኒ ይገኙበታል። በአንጀኒ በዓመት ከ1,600 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል።

በአንጀኒና በሌሎች የአባይ ተፋሰስ ትንንሽ ጅረቶች ላይ የተወሰደው ናሙና የሚያሳየው አንድ ነገር ነው፤ ውሃው ከሁሉ ይበልጥ የሚደፈርሰው በክረምቱ መግቢያ ነው። በነሐሴ መሬቱ ጠግቦ የጎርፉ ብዛት ይጨምራል፤ እያንዳንዱ ሊትር ውሃ የተሸከመው አፈር ግን ይቀንሳል። ከምክንያቶቹ ትልቁ ሽፋን ነው። በሰኔ ማሳው ተደጋግሞ ታርሶ ባዶ ነው፤ ደቃቁም አፈር ለመነሣት ዝግጁ ነው። በነሐሴ መጨረሻ ግን ሰብሉ መሬቱን ለብሷል።

ጤፍ በዚህ ረገድ የባሰ ነው። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ማሳው ሦስት አራት ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይታረሳል፤ ይለሰልሳል፤ በአንዳንድ ቦታ በከብት ይረገጣል። የሚዘራውም ዘግይቶ፣ ዝናቡ በበረታበት ሐምሌ ነው። የፕሮግራሙ መሪ የነበረው ሃንስ ሁርኒ በ1985 ለኢትዮጵያ ባዘጋጀው የሽፋን ሠንጠረዥ፣ ዓመቱን ሙሉ ታርሶ ባዶ የሚቆይ መሬት 1 ተብሎ ሲነሣ የጤፍ ማሳ 0.25፣ የማሽላና የበቆሎ 0.10፣ ጥቅጥቅ ያለ ሣር 0.01፣ ጥቅጥቅ ያለ ደን ደግሞ 0.001 ተሰጥቷቸዋል። ጤፍ ከደረሰ በኋላ መሬቱን በደንብ ይሸፍናል፤ ጉዳቱ የሚመጣው ከዚያ በፊት ነው። ይኸው ተመራማሪ በ1993 ባሳተመው ግምት ከኢትዮጵያ የታረሰ መሬት በዓመት በሄክታር በአማካይ 42 ቶን አፈር ይታጠባል። በውፍረት 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ሰው ዕድሜውን ካረሰው መሬት ስንዝር የሚያህል አፈር ሄደ ማለት ነው።

ስለዚህ ሽፋን በዓመት ምን ያህል ነው ብቻ ሳይሆን መቼ ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል። ለጁባ ጓሮም ሕጉ ያው ነው፤ እዚያ ሰኔን የሚተካው ሚያዝያ ነው።

7. «ችግኝ ተተክሏል፤ ተዳፋቱ ድኗል»

ፍርድ፦ ገና ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን አስታወቀች። መትከሉ መልካም ነው፤ ክርክሩ ስለ ጊዜው ነው። አንድ ክንድ ያልሞላች ችግኝ ቅጠሏ የሚሸፍነው ከጀበና ማስቀመጫ የማይበልጥ መሬት ነው። ዙሪያዋ ሣሩ ተመንጥሮ፣ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ከብት የሚረግጠው ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዝናብ የሚያርፈው ከበፊቱ ይበልጥ የተገለጠ አፈር ላይ ነው።

ከሰውና ከከብት ንክኪ ነጻ በተደረጉ ተዳፋቶች ግን ለውጡ ፈጣን ነው፤ አፈሩን ቀድሞ የሚይዘው ዛፍ ሳይሆን ሣርና ቁጥቋጦ ነውና። የሁርኒ ሠንጠረዥ ሣርን 0.01 ላይ ያስቀመጠው በከንቱ አይደለም። ችግኙ ከዚያ ሣር ጋር ካደገ ሁለት ጊዜ ይጠቅማል።

ሙሉው ነገር ምን እንደሚመስል ለማየት የሚፈልግ ሰው የቤተ ክርስቲያን ደን ይግባ። በደቡብ ጎንደር በእርሻ ተከብበው የቀሩት ደኖች ውስጥ ላይ ጥድና ወይራ፣ ከዚያ ሥር ቁጥቋጦ፣ ከዚያ ሥር ሣርና ችግኝ፣ መሬት ላይ ደግሞ የዓመታት ቅጠል ተነጥፏል። ጠብታ ከላይ ቢገዝፍም መሬት ከመድረሱ በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ ይሰበራል። በአንዳንዶቹ ዙሪያ የድንጋይ አጥር መሠራቱ የጠቀመው ዛፍ እንዳይቆረጥ ብቻ አይደለም፤ ከብት ገብቶ ታችኛውን ሽፋን እንዳይበላ ነው። ጣና ዳር ያለችው ዘጌም የምትታወቀው በጥላ ሥር በሚበቅል ቡናዋና መሬት እንዳይታረስ በሚከለክለው የገዳም ሥርዓቷ ነው። በ2023 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድር ደግሞ ይህን አሠራር ወደ እርሻ አምጥቶታል፤ ላይ ትልልቅ ዛፍ፣ መሐል እንሰት፣ ታች ቡና። ቁልቁለቱ እጅግ የከፋ ቢሆንም ሕዝቡ ለዘመናት ተመግቦበታል።

በአጭሩ የሚፈቱ ሁለት

«ዛፍ ከአየር ላይ ውሃ ያወርዳል።» በቦታው እውነት ነው። ደመናና ጉም በሚነካቸው ከፍታዎች ላይ ቅርንጫፍና የዛፍ ሽበት ጉሙን ለቅመው ያንጠባጥባሉ፤ ሜዳው ደረቅ ሆኖ ዛፉ ሥር ሊረጥብ ይችላል። ጁባን በመሰለ ቆላ ግን አይሠራም።

«ከጎጃም የታጠበው አፈር በጁባ ያልፋል።» ተረት። ጁባ ያለችው ነጭ አባይ ላይ ነው። የጎጃም አፈር በጥቁር አባይ አድርጎ ወደ ሱዳን ይወርዳል። በ1966 (እ.ኤ.አ.) የተጠናቀቀው የሮሴሬስ ግድብ ውሃ የመያዝ አቅሙን በከፊል ለደለል ካጣ በኋላ በ2013 ከፍታው ለተጨመረበት አንዱ ምክንያት ያ አፈር ነው። ከኢትዮጵያ ወደ ነጭ አባይ የሚገባው ባሮም ቢሆን በሶባት በኩል ከጁባ ብዙ ርቆ፣ ማላካል አጠገብ ነው የሚቀላቀለው። በጁባ ኮሮች የሚጋልበው ድፍርስ ውሃ የጁባ የራሷ ነው፤ ከየግቢውና ከየመንገዱ የተነሣ።

ምን ይደረግ?

ግቢ መጥረግ ምክንያት አለው፤ እባብና ጊንጥ በቅጠል ሥር ይደበቃሉ፤ ልጆችም ይጫወታሉ። ስለዚህ ቤቱን ዙሪያ፣ በሩንና መተላለፊያውን መጥረጉ ይቀጥል። የተጠረገው ቅጠል ግን ከመቃጠል ይልቅ ከቤቱ ራቅ ባሉት ዛፎች ሥር፣ በተለይ የቅርንጫፎቹ ጫፍ በሚያንጠባጥብበት ክብ ላይ ቢነጠፍ አፈሩም ሥሩም ይድናል። ግንዱ ላይ መከመር አያስፈልግም፤ ምስጥ ይጠራል፤ አንድ ክንድ ይራቅ። ወደ ኮሩ የሚያዘቀዝቀው የግቢ ጠርዝ ላይ ሣር እንዲበቅል መተው፣ ጓሮ ላይ በቆሎ የሚዘራም በረድፎቹ መካከል ያለፈውን ዓመት አገዳ ማጋደም ይችላል። ቅጠሉም ገለባውም ሲሶውን መሬት ከሸፈነ ይበቃል፤ የሚነጠፍበት ጊዜ ደግሞ መጋቢት ነው፤ የመጀመሪያው ዶፍ ሳይቀድም።